የሊቃውንት ወረቀት የቆራሌ ሲሳይ አይሁን

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ሲናገሩ ወራሹ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ በእነርሱ ዘመን ወራሹ የታወቀ ነበርና። ልጅ ከአባቱ፥ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ፥ ደብር ከሊቃውንቱ ይወርስ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ጥያቄው በግድ ይነሣል። ዕድሜውን በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የፈጀ የሳይንስ ሊቅ ካረፈ በኋላ፥ የጻፋቸው ደብተሮች፥ የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች፥ ያነሣቸው ፎቶግራፎች በካርቶን ተሞልተው ሲገኙ ወራሻቸው ማን ነው? እውነቱን እንናገር ቢባል፥ ብዙ ጊዜ ወራሹ ማለዳ ማለዳ «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው ነው።

በዚህ ሰው ላይ አንዳች ነቀፌታ የለንም። እርሱ እንጀራውን ፈልጎ ይዞራል፤ የሰጡትን ይቀበላል፥ የገዛውን ይሸጣል። ነቀፌታችን ትምህርትን እናከብራለን እያሉ የትምህርትን ምንጭ በኪሎ በሚሸጡት፥ ሲሸጥም እያዩ ዝም በሚሉት ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍም የምንከራከርለት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም፥ የዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስት የግል ወረቀት የቤተ ሰብ ጓዝ ብቻ ሳይሆን የአገር ሀብት ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ተለቅሞ፥ ተዘርዝሮ፥ በቤተ መዛግብት መግባት አለበት የሚል ነው።

እኛ የምንኖረው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በኮዬ ፈጬ ነው። ትናንት እህል ይዘራበት በነበረው ሜዳ ላይ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ብሎክ በብሎክ ተደርድረው ቆመዋል። ከነዋሪው ብዙው ከከተማው መካከል የመጣ፥ መምህር፥ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ጡረተኛና የእነዚህ ሁሉ ልጅ ነው። ሰፊ ግቢና ጓዳ ከነበረው አሮጌ ቤት ወጥቶ ወደ ስቱዲዮ ወይም ወደ ባለ አንድ መኝታ ቤት የሚገባ ቤተ ሰብ ዕቃውን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። አልጋው ይገባል፤ ቁም ሣጥኑ ይገባል፤ ቴሌቪዥኑም ያለ ክርክር ይገባል። የአባትየው የካርቶን ሣጥን ግን ከደረጃው ሥር ይቀራል፤ ከዚያም አንድ ክረምት ዝናም ይመታዋል፤ በሁለተኛው ክረምት አይጥ ይገባበታል፤ በሦስተኛው የብሎኩ ኮሚቴ «መተላለፊያው ይጽዳ» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፋል። እንግዲህ የሊቁ የአርባ ዓመት ድካም በዚህ ማስታወቂያ ተፈጸመ ማለት ነው።

ይህ ከምናብ የመጣ ሥዕል አይደለም። በዚሁ በሰፈራችን ካለ ሱቅ የተገዛ ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግተን ብንመለከተው፥ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተመዘገበ የዝናም ልክ አገኘንበት። ቀኑና ሚሊ ሜትሩ ሳይቀር በመስመር በመስመር ሰፍሮአል፤ የቦታው ስም ብቻ በተቀደደው ወገን ቀርቶአል። አንድ ሰው በየማለዳው ተነሥቶ፥ መለኪያውን አይቶ፥ ሳይሰለች የጻፈው ቁጥር፥ ቦታው ስለ ጠፋ ብቻ ከእንግዲህ ወዲያ ለማንም አይረባም። የሳይንስ ወረቀት አጠፋፉ እንዲህ ነው። ሁሉም ባይቃጠልም፥ ግማሹ ከግማሹ ሲለይ ሁሉም እንደ ተቃጠለ ይቈጠራል።

ስለ ምን ዐይነት ወረቀት እንደምንናገር ግልጽ ይሁን። የሳይንስ ሊቅ የግል ወረቀት ስንል የታተመውን መጽሐፍና የምስክር ወረቀቱን ማለታችን አይደለም፤ እነዚያስ በየመደርደሪያውና በየግድግዳው ይገኛሉ። የምንለው በየዕለቱ የተጻፈውን የቤተ ሙከራ ደብተር፥ በመስክ ላይ በእርሳስ የተጫረውን ማስታወሻ፥ ከውጭና ከውስጥ የተጻጻፈውን ደብዳቤ፥ ተቀባይነት ያጣውን የጥናት ሐሳብ፥ የተሰረዘውንና የተደለዘውን ረቂቅ፥ ከጀርባው ቀን የተጻፈበትን ፎቶግራፍ፥ በእጅ የተሣለውን ካርታ ነው። ምሳሌ እንስጥ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሀርበሪየም እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሥርቶ የአገራችንን ዕፀዋት አድርቆና በስም ለይቶ ሲያስቀምጥ ቈይቶአል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሥራም በዚህ ሀብት ላይ ተመሥርቶ በ2009 ተፈጽሞአል። በእያንዳንዱ የደረቀ ቅጠል ሥር አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ የት፥ መቼ፥ በማን እንደ ተለቀመ ትናገራለች። ከዚያች ጽሑፍ በስተ ኋላ ግን የለቃሚው የመስክ ደብተር አለ፤ በዚያ ቀን ምን መንገድ እንደ ሄደ፥ የአገሩ ሰው ተክሉን ማን ብሎ እንደሚጠራውና ለምን በሽታ እንደሚጠቀምበት፥ በዙሪያው ምን ሌላ ዛፍ እንደ ነበረ በደብተሩ ውስጥ ተጽፎአል። ቅጠሉን በቁም ሣጥን ቈልፎ ደብተሩን መጣል ማለት፥ ምስክሩን ፍርድ ቤት አቁሞ ምላሱን መቁረጥ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ስንናገር የሚቃወሙን ብዙ ናቸው። ተቃውሞአቸውን አንድ በአንድ እናንሣ።

መጀመሪያ የሚነሡብን «የታተመው ይበቃል» ባዮች ናቸው። የሳይንስ ሥራ ፍሬው በመጽሔት ይታተማልና ገለባውን ማስቀመጥ ለምን ይጠቅማል? ይላሉ። ለእነዚህ ሰዎች የግሬጎር ሜንዴልን ታሪክ እንንገራቸው። ይህ መነኩሴ በብርኖ ከተማ በገዳሙ ግቢ አተር እየዘራና እያዳቀለ የዘር ውርስን ሕግ አገኘ፤ ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ1866 ታተመ። ዓለም ልብ ያለው ግን በ1900 ነው፤ ሜንዴል ደግሞ በ1884 ዐርፎ ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ ወረቀቱ በገዳሙ ውስጥ ተቃጠለ። በ1936 ሮናልድ ፊሸር የተባለ እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ ተነሥቶ፥ በታተመው ጽሑፍ ያሉት ቁጥሮች ከሚጠበቀው በላይ ከሐሳቡ ጋራ የተስማሙ ናቸው፤ ይህ ያጠራጥራል አለ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሊቅ ለሜንዴል ተሟገተ፥ ስንቱስ ተጠራጠረ! የየዕለቱ ደብተር ቢኖር ኖሮ ክርክሩ በአንድ ቀን ንባብ ባበቃ ነበር። ወረቀቱን ያቃጠሉት ሰዎች የሜንዴልን ገለባ ያጠፉ መስሎአቸው ነበር፤ ያጠፉት ግን የክብሩን ጠበቃ ነው።

ከዚህ ጋራ የሌላይቱን ሊቅ ነገር እናስተያይ። የማሪ ኩሪ የቤተ ሙከራ ደብተሮች ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በሠራችበት ራዲየም ስለ ተበከሉ የሚቀመጡት በእርሳስ ማዕድን በተለበጠ ሣጥን ነው፤ አንባቢውም አደጋውን ዐውቆ ፈርሞ ነው የሚያያቸው። እነሆ፥ መርዝ ያለበትን ወረቀት እንኳ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ፤ ንጹሑን ወረቀት ለቆሎ መጠቅለያ የሚሰጥም አለ።

ምሳሌውን ከሩቅ አገር ብቻ አናምጣ፤ በራሳችን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሥራ አለና። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዌን በቀድሞው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፥ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፥ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ገደማ የጂኦፊዚክስ መከታተያ ጣቢያ አቋቁመው ለብዙ ዓመት መሩ። ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በታተመው መጽሐፍ ተጠቃለለ። ይህ መጽሐፍ በመሣሪያ ከተቀረጸው ቁጥር ብቻ የተሠራ አይደለም። መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ምድሪቱ መቼና የት እንደ ተናወጠች ለማወቅ ዜና መዋዕሎች፥ የመንገደኞች ማስታወሻዎች፥ ደብዳቤዎችና ጋዜጦች ተመርምረዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1906 አዲስ አበባን ያናወጠው መንቀጥቀጥ፥ በ1961 በሸዋና በወሎ መዋሰኛ በምትገኘው በካራ ቆሬ አካባቢ ተነሥቶ የመጀቴን ከተማ ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ፥ ዛሬ በዝርዝር የሚታወቁት አንድ ሰው ስለ ጻፋቸው፥ ሌላውም ጽሑፉን ስላልጣለው ነው።

ይህ ነገር ለኮዬ ፈጬ ሰው ምን ይመለከተዋል? የሚል ቢኖር፥ በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። በአዋሽ ፈንታሌና በአፋር ወገን ምድር ደጋግማ ስትናወጥ መንቀጥቀጡ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ድረስ ተሰምቶአል። በላይኛው ፎቅ የምንኖር ሰዎች መብራቱ በራሱ ሲወዛወዝ እያየን፥ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደረጃው ስንሮጥ፥ በሁላችን አፍ የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ይህ ነገር ከዚህ በፊት ሆኖ ያውቃልን? ከሆነስ ምን ያህል ጸንቶ ነበር?» ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ዛሬ የተገዛ መሣሪያ አይደለም። ዛሬ የተገዛ መሣሪያ የዛሬን ብቻ ይናገራል። የትናንትን የሚናገር የትናንት ወረቀት ነው። ሕንፃ የሚሠራ መሐንዲስ የምሰሶውን ውፍረት የሚወስነው ያለፈውን መንቀጥቀጥ ቈጥሮ ስለ ሆነ፥ የአንድ ሳይንቲስት ደብተር ጠፋ ማለት የብዙ ሺህ ሰው መኖሪያ የተመሠረተበት ዕውቀት ጐደለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ ለድኻ አገር ቅንጦት ነው፤ ከወረቀት በፊት ዳቦ ይቅደም» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ርኅራኄ የሞላበት ስለሚመስል ብዙ ሰው ያታልላል። እኛ ግን ወረቀትና ዳቦ የተጣሉበትን ዘመን አናውቅም። የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፥ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን በምርምር አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዚያው በዐድዋ በተደረገው ሙከራ፥ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት በሽታው የተገኘባቸው ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። ከእርሳቸው ጋራ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተሻለውን የእንዶድ ዐይነት መርጠው በማልማት ደከሙ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ይህ ሥራ የድኻ ሥራ አይደለምን? የጀመረው ከድኻ ሴቶች እጅ፥ የተጠቀመውም የድኻ ልጅ ነው።

የእንዶድ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። የኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ውጤት በውጭ አገር በቀላሉ አልታመነም፤ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ማስረጃ አይበቃም፥ ምርመራው እንደገና ሌላ ቦታ ይደረግ እየተባለ ዓመታት አለፉ። ቈይቶም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፥ እንዶድን የውኃ ቧንቧ በሚዘጋ በአንድ ዐይነት ባለ ዛጐል ፍጥረት ላይ ለመጠቀም የፓተንት መብት በማግኘቱ፥ የአገር ዕውቀት የማን ነው? የሚል ክርክር በዓለም ተነሣ። በእንዲህ ያለ ክርክር ጩኸት ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ቀን የተጻፈበት ገጽ ነው። በዚህ ቀን፥ በዚህ ወንዝ፥ ይህን ያህል እንዶድ በዚህ ያህል ውኃ ሟሙቶ ይህን አደረገ የሚል፥ በዚያው ዕለት በባለሙያው እጅ የተጻፈ ደብተር ከመቶ ጠበቃ ይበልጣል። «አይታመኑም» የተባለ ሕዝብ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ማስረጃውን መጠበቅ ይገባዋል። ባለጠጋ ማስረጃው ቢጠፋ ስሙ ይሟገትለታል፤ ድኻ ግን ከማስረጃው በቀር ጠበቃ የለውም። ስለዚህ ወረቀት መጠበቅ ለድኻ አገር ቅንጦት ሳይሆን መሣሪያ ነው።

ደግሞስ ድኽነት ከመቼ ወዲህ ነው መጽሐፍ ለመጣል ምክንያት የሆነው? የሐይቅና የጣና መነኰሳት ከኛ ይልቅ ባለጠጋ ነበሩን? በብርሃን እጦት፥ በወረራና በእሳት መካከል ብራናውን ከዋሻ ወደ ዋሻ እያሸሹ እስከኛ አድርሰውታል። በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ የርስቱን ውል፥ የስጦታውን ቃል፥ የምስክሮቹን ስም ይጽፉ ነበር፤ ምክንያቱም ወንጌሉን ማንም አይጥለውምና ውሉም ከወንጌሉ ጋራ ይኖራል ብለው ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች የመካከለኛውን ዘመን የመሬት ሥሪት የሚያጠኑት በእነዚህ ትንንሽ ጽሑፎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም የሚነሡበት ሥራ ተጀምሮ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍት ተቀረጹ፤ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ፥ በዚህ ሀብት ላይ ደከሙ። የስድስት መቶ ዓመት ብራና የጠበቀ አገር የስድሳ ዓመት ወረቀት መጠበቅ አቃተው ቢባል ማን ያምናል?

ሦስተኛው ተቃውሞ «አሁን የኮምፒዩተር ዘመን ነው» የሚል ነው። ሁሉንም ፎቶ አንሥተን ወረቀቱን እንጣለው ይላሉ። ፎቶ ማንሣቱ መልካም ነው፤ እኛም እንደግፈዋለን። መጣሉን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጻፈ የዶክትሬት ጽሑፍ በፍሎፒ ዲስክ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ የሚያነብለት መሣሪያ ለማግኘት መርካቶን ቢዞር ይደክማል፤ በዚያው ዓመት በወረቀት የጻፈው ግን ዐይን ላለው ሁሉ ይነበባል። ሳይጠበቅ የሚቈይ ኮምፒዩተር የለም፤ በየጊዜው ወደ አዲስ ዕቃ የሚያሻግር ሰው፥ በጀትና ሥርዓት ይጠይቃል። ይህ ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት ወረቀቱንም ለመጠበቅ አይሳነውም፤ ይህ ሥርዓት የሌለው ግን ሁለቱንም ያጠፋል።

አራተኛው ተቃውሞ ከቤተ ሰብ የሚመጣ ሲሆን፥ ከሁሉ ይልቅ ሊከበር የሚገባው ይህ ነው። «በአባታችን ደብዳቤ ውስጥ የቤት ምስጢር አለ፤ ሰው ያወራበታል» የሚሉ ልጆች እውነት አላቸው። የሕክምና ተመራማሪ ከሆነም የበሽተኞች ስም በደብተሩ ይገኛል፤ የመምህር ከሆነም የተማሪዎች ማርክ አለበት። ነገር ግን ለዚህ መድኀኒቱ የታወቀ ነው። ደንበኛ ቤተ መዛግብት ሲቀበል በውል ነው፤ ይህ ሣጥን ለሃያ ዓመት አይከፈት፥ ይህኛው ሰጪዋ በሕይወት እስካሉ ድረስ ይታሸግ ተብሎ ይፈረማል፤ የሰው ገመና የሆነውም ተለይቶ ይዘጋል። ምስጢር የሚጠበቀው በማኅተም እንጂ በእሳት አይደለም። ለቆራሌ የተሸጠ ደብዳቤ ግን ማኅተም የለውም፤ ነገ በየትኛው ሱቅ፥ በማን እጅ፥ ምን ተጠቅልሎበት እንደሚገኝ ማን ያውቃል? ምስጢሩን የሚፈራ ቤተ ሰብ ከማንም ቀድሞ ወደ ቤተ መዛግብት መሄድ ይገባዋል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ተቃውሞውን መልሰን ምን ይደረግ የሚለውን ካልተናገርን ክርክራችን ከወሬ አያልፍም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነንና በምናውቀው በመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንናገር። አንድ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ክሊራንስ ይሞላል። በዚያ ቅጽ ላይ የወንበር ጥያቄ አለ፤ የቁልፍ ጥያቄ አለ፤ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው መጽሐፍ አንድ ሳይቀር ይጠየቃል። በአርባ ዓመት ውስጥ የጻፈው ደብተር የት እንደሚሄድ ግን ማንም አይጠይቀውም። የተሰበረ ወንበር ሳይመለስ ደመወዝ የሚያዝበት ሥርዓት፥ የምርምር ደብተር ሲጠፋ ዝም ካለ፥ ከዕውቀት ይልቅ እንጨት አከበረ ማለት ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዚህ ቅጽ ላይ አንዲት መስመር ይጨምሩ፤ «የምርምር ደብተርና ወረቀት ለቤተ መዛግብት ስለ መሰጠቱ»። ይህች መስመር በጀት አትጠይቅም፤ ፊርማ ብቻ ትጠይቃለች።

ሁለተኛ፥ ሊቁ እስኪሞት አይጠበቅ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ በቀብር ላይ የሚነበብ ረጅም የሕይወት ታሪክና የሚቀመጥ የአበባ ጉንጉን ደብተሩን አይመልስም። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ አንድ የመዛግብት ባለሙያ ከእርሱ ጋራ ተቀምጦ፥ ይህ ፎቶግራፍ የማን ነው? ይህ ምልክት ምን ማለት ነው? ይህ ቁጥር በምን ተለካ? እያለ ቢጠይቀውና መልሱን በለስላሳ እርሳስ ቢጽፍ፥ ከሞት በኋላ ዐሥር ባለሙያ ዐሥር ዓመት ቢደክም የማያገኘውን በአንድ ሳምንት ያገኛል።

ሦስተኛ፥ ቦታ የለም የሚለው ምክንያት ይቅር። የአገሪቱን መዛግብት እንዲሰበስብና እንዲጠብቅ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተቋቋመ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት አለ። በስድስት ኪሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብራናና ጽሑፍ የመጠበቅ ልምድ አለው። የጐደለው ከሊቁ ቤት እስከነዚህ ደጆች ድረስ የሚያደርስ ሰው ነው። ለዚህ የእንግሊዝ አገር ምሳሌ ይበቃናል። እ.ኤ.አ. በ1973 በኦክስፎርድ የሳይንቲስቶችን ወረቀት የሚመለከት አነስተኛ ማዕከል ተቋቋመ። ይህ ማዕከል ወረቀቱን ለራሱ አያስቀምጥም ነበር፤ ከሊቁ ቤት ይቀበላል፥ ይለያል፥ ይዘረዝራል፥ ከዚያም ለሚስማማው ቤተ መጻሕፍት ያስረክባል። ትልቅ ሕንፃ አላስፈለገውም፤ ጥቂት ትጉሃን ሰዎችና የጽሕፈት ጠረጴዛ በቁት። የከፍተኛ ትምህርት ጉዳይ የሚመለከተው ክፍል እንዲህ ያለ አንድ ትንሽ ቢሮ ቢከፍት፥ በየዓመቱ ለአዳራሽ ስብሰባ ከሚወጣው ወጪ ጋራ ሲመዛዘን ኢምንት ነው።

አራተኛ፥ አዲሶቹ ከአሮጌዎቹ ስሕተት ይማሩ። ከኮዬ ፈጬ ብዙም ሳይርቅ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በሰበታ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። እንዲህ ያሉት ተቋማት የነገ ሊቃውንት ዛሬ ደብተር የሚጀምሩባቸው ናቸው። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ቀንና ቦታ መጻፍ፥ ቅጠሉን አለመቅደድ፥ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራው የምርምር ደብተር የተቋሙ፥ የግል ደብዳቤው የባለቤቱ መሆኑን ለይቶ ማወቅ እንደ ትምህርት ቢሰጥ፥ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚመጣው መዝጋቢ ይመርቃቸዋል።

ለቤተ ሰብም የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን ሣጥን ስታገኙ አትለዩት፥ አትደርድሩት፥ አታስውቡት፤ ባለቤቱ ያኖረበት ተራ ራሱ ታሪክ ነውና። ከእርጥበት፥ ከምስጥና ከአይጥ አርቁት፤ በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፥ ይሻግታልና። የዛገውን መርፌና ስፒል ቀስ ብላችሁ አውጡ። ፎቶግራፉን የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ጠይቁ። ከዚያም የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ደጅ አንኳኩ፤ «አንቀበልም» ቢላችሁ በጽሑፍ ይስጠን በሉ። ደብዳቤ የሚፈራ ቢሮ ከሌለ ሥራ የለም።

ለተማሪዎች ደግሞ እንዲህ እንላለን። የሳይንስ ሊቅ ከመማሪያ መጽሐፍ ሲታይ ሁልጊዜ አዋቂ፥ ሁልጊዜ ትክክል ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ የገጠር ተማሪ «እኔ እንደዚህ መሆን አልችልም» ብሎ ይርቃል። በራሱ ደብተር ሲታይ ግን የተሳሳተ፥ የሰረዘ፥ እንደገና የጀመረ፥ ገንዘብ አጥቶ የለመነ፥ ተስፋ ሊቈርጥ ሲል ያገኘ ሰው ነው። ለወጣቱ የሚያስፈልገው ይህ ሰው ነው። ሐውልት ያስደንቃል፥ ደብተር ግን ያስተምራል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬ በየብሎኩ ደረጃ ሥር የተቀመጠው ካርቶን ገና አልተሸጠም፤ ዛሬ ጡረታ የሚወጣው ሊቅ ገና ክሊራንሱን አልፈረመም፤ ዛሬ ዕድሜው የገፋው መምህር ፎቶግራፉን ገና ያውቀዋል። ነገ ጧት ግን ቆራሌው እንደ ልማዱ ይጣራል። እርሱ ሰዓቱን አያሳልፍም። የቤተ መዛግብት ሰው ከእርሱ ቀድሞ በር ማንኳኳት አለበት።